ካቴናው እንዲተርፍ

ናይለን ሲቃጠል ፀጉር ፀጉር ይሸታል። የዘይት ጀሪካን ሲቃጠል ግን አሁን እፍ ተብሎ የጠፋ ሻማ ነው የሚሸተው። ሥራውን የሚያውቅ ብስክሌት ጠጋኝ የተሰበረ ፕላስቲክ እጁ ሲገባ ከጠርዙ ቀጭን ስንጣሪ በቢላ ይልጥና በክብሪት ይለኩሰዋል። ነበልባሉን ያየዋል፤ እፍ ብሎ ያጠፋዋል፤ ጢሱን ከሩቅ በመዳፉ ወደ አፍንጫው ያራግባል። ቁራጩ ለምን እንደሚሆን የሚወስነው ከዚያ በኋላ ነው። ባልዲ ለመጠገን የሚበቃው ሁሉ ለካቴና ሮለር አይበቃም።

ሮለሩ ከቡና ሲኒ አፍ የማይሰፋ ክብ ነው። ካቴና ሲረዝም ወይም ሲላላ እንዳይዘልና ከጥርሱ እንዳይወልቅ ደግፎ ወይም ተጭኖ ይይዘዋል፤ ካቴናው በሄደ ቁጥርም አብሮት ይሽከረከራል። ማርሽ ባለው ብስክሌት ላይ ሁለት ሮለሮች ከኋላው ጎማ አጠገብ ተንጠልጥለው ይታያሉ። መለዋወጫ በማይገኝበት ቦታ ሰው በእጁ ይሠራዋል፤ ያኔ ከምን ልሥራው የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። በምዕራብ ሐረርጌ ከሚኤሶ እስከ ድሬዳዋ ባለው መስመር ግን ሥሩ ሩቅ ነው፤ ከብስክሌቱም በፊት በባቡሩ ይጀምራል።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በጥቅምት 1890 ከጅቡቲ ተነሣ፤ በታኅሣሥ 1895 ሐዲዱ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ከባድ ወጪ ስለነበረው እዚያው ሜዳው ላይ ቆመ፤ ድሬዳዋም ተቆረቆረች። የባቡሩ ኩባንያ ገንዘብ አጥቶ ሲከስር መስመሩ ለዓመታት እዚያው ተገትሮ ቀረ። አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው በ1901 ዓ.ም. ግድም ሲቀጥል ሐዲዱ የጨርጨርን ደጋ በስተግራ ትቶ በቆላው ወደ ምዕራብ አቀና፤ በሚኤሶ አለፈ፣ አዋሽን ተሻገረ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

ሚኤሶ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ግድም ላይ፣ ግመል በሚሰማራበት ቆላ ነው። ከዚያ ወደ ጭሮ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው፤ ጭሮ ከ1,800 ሜትር በላይ ትገኛለች። ኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ረቂቅ ያዘጋጁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ የአዲስ አስተዳደር ማሳያ ለማድረግ የደከሙት በዚህ ደጋ ላይ ነው። የደጋው ቡና ወደ ሐዲዱ ይወርድ ነበር፤ በሐዲዱ የመጣው ጨርቅና ብረታ ብረት ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ባቡሩን ከዳገቱ ያሸሸው ምክንያት ብስክሌትንም አሽሽቷል። የጭሮን ዳገት በብስክሌት የሚወጣ ጉልበቱን የሚተማመን ሰው ነው። ድሬዳዋና ሚኤሶ ግን ሜዳ ናቸው።

ባቡሩ ዕቃ ብቻ አላመጣም። የሥራ ቃልም አምጥቷል። ሸመንደፈርና ለገሃር ከፈረንሳይኛ ገቡ። ጎማ፣ ጎሚስታና ካቴና ደግሞ የጣሊያንኛ ዘር ናቸው። በዚህ መስመር ላይ ያደገ መካኒክ ሐዲዱን በፈረንሳይኛ፣ የብስክሌቱን ክፍሎች በጣሊያንኛ እየጠራ መሐሉን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይሞላዋል። ለአንዱ ጉዳይ ግን አማርኛ ከማንም አልተበደረም። ጎማ ተበላ ይላል። ፍሬኑ ተበላ፣ ጥርሱ ተበላ፣ ካቴናው ተበላ። ሁለት ነገር ሲፋተግ አንዱ ይበላል፤ የመካኒክ ሥራ የትኛው ይበላ የሚለውን መወሰን ነው።

ባቡሩ ይህን ጥያቄ በትልቁ መልሶት ነበር። የድሮ ባቡር ሲታሰብ ሁሉም ነገሩ ጠንካራ ብረት ይመስላል፤ ሆኖም የጎማው ዘንግ የሚሽከረከርበት ቦታ በለስላሳ ብረት የተለበጠ ነው። አሜሪካዊው አይዛክ ባቢት እ.ኤ.አ. በ1839 ያወጣው ይህ ነጭ ብረት በአብዛኛው ቆርቆሮ ሲሆን አንቲሞኒና መዳብ ይገባበታል። በጥፍር ባይጫርም በቢላ ይፋቃል፤ በከሰል እሳትም ይቀልጣል። ውድ የሆነው ዘንግ እንዳይበላ ርካሹ ልባጭ ይበላለታል። ሲያልቅ ይቀለጥና አዲስ ይፈሰስበታል። ዘንጉ ያው ነው።

የድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኞች ይህን ሥራ ከማንም በላይ ያውቁታል። ከፈረንሳይ የሚመጣ መለዋወጫ እየዘገየ፣ ኋላም ጨርሶ እየጠፋ ሲሄድ የጎደለውን በራሳቸው ማሽን እየቀረጹ ባቡሩን አቆይተውታል። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ሲቋረጥም፣ ተጠግኖ ሲነሣም ያ እጅ አልጠፋም። ይህ እውቀት በመጽሐፍ ሳይሰፍር ከአንድ ትውልድ ሠራተኛ ጋር ጡረታ መውጣቱ የሚያስቆጭ ነው። እንዴት ይጠገናል ከሚለው በላይ የትኛው ክፍል ሆን ተብሎ ለመበላት እንደተሠራ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ብረት በማይሆንበት ቦታ መልሱ ከከብት ይመጣ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዓይነት የሞተር ሸማ መሥሪያዎች ላይ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ እየመታ የሚሰደው ክፍል በአብዛኛው የሚሠራው ከጎሽ ቆዳ ነበር። በቀን በሺዎች የሚቆጠር ምት የሚችል፣ መወርወሪያውንም የማይሰብር ሌላ ነገር አልተገኘም። ያን ቆዳ በኋላ የተካው ፕላስቲክ ነው።

ቀንድ ደግሞ ፕላስቲክ ከመኖሩ በፊት የነበረ ፕላስቲክ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ሐረርጌ በሰንጋው የታወቀ አገር ነው፤ ገበሬው በሬውን ደጁ አስሮ በእጁ እያጎረሰ ያደልበዋል። የዚያ በሬ ቀንድ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ሲለሰልስ ይጎብጣል ወይም ይነጠፋል፣ ሲበርድ የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ዋንጫ የሚሠራው፣ የቢላ እጀታ የሚሠራው በዚህ ባሕርይው ነው። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ፕላስቲክ የሚቀረጸውም እንዲሁ ነው፤ ሙቀት፣ ግፊት፣ ማቀዝቀዝ። ዋለስ ካሮዘርስ እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ ናይለንን ሲሠራ ሞለኪዩሉ የሚያያዝበት መንገድ ከቀንድና ከፀጉር ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ወጣ። ጠጋኙ በክብሪቱ የሚያሸተው ይህን ዝምድና ነው። ቀንድ ሠሪ የነበሩ አያቱ ቢነሡ ያንን ጢስ በአንድ ሽታ ይለዩት ነበር።

ከዚያ ጀሪካኑ መጣ። ጀርመናዊው ካርል ዚግለር እ.ኤ.አ. በ1953 ጠንካራውን ፖሊኢትሊን በቀላል ግፊት ማምረት ቻለ፤ ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ በማግሥቱ ዓመት ፖሊፕሮፒሊንን አስከተለ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1963 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የሥራቸው ውጤት ሚኤሶ ደጃፍ የደረሰው ቢጫ የዘይት ጀሪካን ሆኖ ነው። እንስራ ከብዶ ይሰበር ነበር፣ እርኮት ይደርቅና ይቀደድ ነበር። ጀሪካን አህያ ላይም ግመል ላይም ተጭኖ ወድቆ የማይሰበር ሆነ። በቆላ ውሃ ለሚቀዳ ሰው ይህ ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ ጀርባው ያውቃል።

ከጀሪካኑ ጋር ፕላስቲክን የመጠገን ጥበብ ተስፋፋ። ኮንጎ ጫማ የተጫማ ትውልድ ያስታውሰዋል። ማሰሪያው ሲበጠስ ቢላ ከሰል ላይ ይግላል፣ ሁለቱ ጫፎች ቢላውን በግራና በቀኝ ይነካሉ፣ ቢላው ይመዘዛል፣ ጫፎቹ ይጫናሉ፤ እስከ አሥር ተቆጥሮ ሲለቀቅ ተያይዟል። ባልዲ የሚበይዱት ሰዎች ዛሬም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። በዚህ ሥራ የመጀመሪያው ትምህርት አንዱ ፕላስቲክ ከሌላው ጋር አለመያያዙ ነው። የጀሪካን ቁራጭ በጀሪካን ላይ ይያዛል፤ በናይለን ላይ ግን ቢቀልጥም ሲበርድ ተላጦ ይወድቃል። ሁሉም ላስቲክ ተብሎ የሚጠራው ነገር አንድ ዘር እንዳልሆነ መንደሩ የተማረው ከዚህ ነው።

ብስክሌቱስ? የኢትዮጵያ የብስክሌት ታሪክ ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው የ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ ነው። አገሪቱ መጀመሪያ በተሳተፈችበት በዚያ ውድድር አራት ብስክሌተኞች ተሰልፈው ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድር 24ኛ ወጣ፣ ቡድኑም 9ኛ ሆነ። ብዙ ሰው የኦሊምፒክ ታሪካችን በሩጫ ብቻ የተጀመረ ይመስለዋልና ይህ ሊነገር ይገባል። በቆላው መስመር ላይ ግን ብስክሌት የውድድር ሳይሆን የመላላኪያ፣ የዕቃ መጫኛና የኪራይ ነበር፤ በድሬዳዋ ባጃጅ መጥቶ መንገዱን እስኪሞላው ድረስ።

ከዚህ ሁሉ መካከል ሮለር አጥብቆ የሚሻው ብስክሌት በእግር የሚነዳው አይደለም። በእጅ የሚነዳው ባለ ሦስት ጎማው ነው። በተራ ብስክሌት ካቴናው ከፔዳሉ ወደ ኋላ ጎማ በአግድም ይሄዳል። በእጁ ብስክሌት ላይ ግን ፔዳሉ ያለው ከነጂው ደረት ፊት ነው፤ ካቴናው ከዚያ ቁልቁል ወደ ፊተኛው ጎማ ይወርዳል። ካቴና እያገለገለ ሲሄድ ካስማዎቹ ይበላሉ፣ እያንዳንዱ 12.7 ሚሊ ሜትር የነበረው ቀለበት በጥቂቱ ይረዝማል፣ ከመቶ አንድ እጅ ሲደርስ ጥርሱን መብላት ይጀምራል። የረዘመው ሁሉ በክብደቱ ወደ ታች ይሰበሰብና ከታችኛው ጥርስ ይለቃል። በተራ ብስክሌት ካቴናው ሲወልቅ ባለቤቱ ወርዶ ይገፋል። የእጁ ብስክሌት ካቴና ሲወልቅ ባለቤቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ሮለሩ የተፈለገው ለዚህ ነው።

በእነዚህ ብስክሌቶች ላይ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ በልጅነታቸው ፖሊዮ የያዛቸው ናቸው። የቼሻየር ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን መናገሻ ላይ ያለው ማዕከሉ የታወቀው በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን በማከምና በማቋቋም ነው። የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም በአገር ደረጃ የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1980 ነበር፤ ክትባቱ ቆላው ዳር ድረስ ለመዝለቅም ጊዜ ወስዷል። አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2020 ነው። የዱሩ ቫይረስ ቢወገድም ቀድሞ የያዛቸው ሰዎች አሉ፤ በክንዳቸው እየነዱ ገበያ ይውላሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ።

ለነሱ የሚሠራ ሮለር ከምን ይሁን? ከብረት ቢሠራ ካቴናውን ይበላዋል፣ ይጮኻልም። እንጨት በመጀመሪያው ዝናብ ያብጣል፣ በበጋው ይሰነጠቃል። ከጎማ ቢቆረጥ ካቴናው ውስጡ እየሰመጠ ክንድን ያደክማል። ለእግር ቀላል የሆነ መጎተት ለክንድ ከባድ ነው። ስለዚህ ፕላስቲክ፤ ግን የትኛው?

ጀሪካን ቀድሞ እጅ ይገባል። ሲፋተግ የሚንሸራተት፣ ውሃ የማይጠጣ፣ ቢወድቅ የማይሰበር ነው። ሁለት ጉድለት አለበት። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ለሮለር የሚበቃ ውፍረት የለውም። ከዚያ የሚብሰው ፀሐይ ነው። በሚኤሶ ፀሐይ ደጅ የከረመ ጀሪካን ቀለሙ ይነጣል፣ ፊቱ በጣት ሲታሸት ዱቄት ይተዋል፣ ሲታጠፍም ቀጭ ይላል። እንዲህ ካለው የተሠራ ሮለር ሳይበላ ይፈርሳል። ከዚሁ ዘር የሆነው ጥቁሩ የውሃ ቧንቧ ይሻላል። ጥቁረቱ የሚመጣው ከሚገባበት የካርቦን ዱቄት ነው፤ ሁለት በመቶ ያህሉ የፀሐይን ጨረር ይከላከልለታል። ወፍራም የለስላሳ ሣጥን ወለልም ጥሩ ነው፣ ጥላ ውስጥ የኖረ ከሆነ።

ግራጫው የፍሳሽ ቧንቧ፣ ፒቪሲው፣ ወፍራምና ለመቁረጥ የሚመች በመሆኑ ብዙዎችን ያታልላል። መበሳት ላይ ይሰነጠቃል፤ ሲቃጠልም ጢሱ ጉሮሮ ይዘጋል። እሱን እሳት ላይ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። የሚለይበት ምልክት አለው፤ የጋለ የመዳብ ሽቦ ፕላስቲኩን ነክቶ ወደ ነበልባል ሲመለስ እሳቱ አረንጓዴ ይሆናል።

ናይለን ከሁሉም ጠንካራ ነው። ከመኪና ቡሽ፣ ከአሮጌ ማሽን ጥርስ ይገኛል። ውሃ ውስጥ ሲጣል ይሰጥማል፤ የጀሪካን ዘር ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ ክብሪት ሳይነካም በአንድ ጣሳ ውሃ መለየት ይቻላል። ሆኖም ናይለን ልክ እንደ ቀንድ ውሃ ይጠጣል፣ እስከ ክብደቱ 8 በመቶ ግድም። በበጋ ልክ ሆኖ የተበሳ ቀዳዳ በክረምት ይጠብና ካስማውን አንቆ ሊይዝ ይችላል። በናይለን የሚሠራ ሰው ቀዳዳውን ትንሽ ሰፋ አድርጎ መብሳት አለበት።

ፋብሪካዎች ለዚህ ሥራ የመረጡት አሴታል የሚባለውን ነው። ዱፖንት እ.ኤ.አ. በ1960 ዴልሪን ብሎ ለገበያ ያወጣው ይህ ፕላስቲክ እንደ ናይለን ጠንካራ ሆኖ ውሃ ግን እምብዛም አይጠጣም። ሲምፕሌክስ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የብስክሌት ማርሽ ማቀያየሪያን አካሉን ጭምር ከዴልሪን ሠራ። አካሉ በዕድሜ እየተሰነጠቀ ስሙን አጠፋው። በዚያው ፕላስቲክ የተሠሩ ሮለሮች ግን እስከ ዛሬ በየማርሹ ላይ ይዞራሉ። ጥፋቱ ያለው ከዕቃው ላይ ሳይሆን ከተሰጠው ሥራ ላይ ነበር። አሴታል በአገራችን ተሰብሮ ከተጣለ ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን ጥርሶች ይገኛል፤ አዲስ አበባ መርካቶ ወዳለው ያገለገለ ዕቃ ገበያ፣ ወደ ምናለሽ ተራ፣ የሚመላለስ ሰው ሊያገኘው ይችላል። ይሰጥማል፤ ሲለኮስ ነበልባሉ ከመገርጣቱ የተነሣ አይታይም፣ ጢሱም ዓይን ያስለቅሳል። እሱን ማሽተት አያስፈልግም፤ መርዘኛ ነው።

ፕላስቲክን ለሥራው መምረጥ በዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ለሰው ሠራሽ እግር ቆዳና እንጨቱን ትቶ ፖሊፕሮፒሊን መርጧል፤ የድሬዳዋውን ጨምሮ በኢትዮጵያ ማዕከላትም ተሠርቶበታል። ጠፍጣፋው ፕላስቲክ ምድጃ ውስጥ ይለሰልሳል፣ በጄሶ ቅርጽ ላይ ይለበሳል፣ አየሩ ተስቦ ይጣበቃል፤ ትርፍራፊው ቀልጦ እንደገና ይሠራበታል። አዲሱም ባቡር እንዲሁ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመር ሲሠራ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ አንዱ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ጅቡቲ ድንበሯ ደወሌ ሌላው ይዘውት ሚኤሶ መገናኛቸው ነበረች። የድሮው ሐዲድ ምስጥ ስለሚፈራ በብረት ተጋዳሚ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ የዛሬው በኮንክሪት ላይ ነው። እንዲህ ባሉ መስመሮች ብረት ከኮንክሪት ጋር እንዳይፋተግ በመካከል የፕላስቲክ ወይም የጎማ ንጣፍ ይገባል፤ ሐዲዱን በሚይዘው ብረት ሥርም ናይለን አለ። ባቢት ለዘንጉ ያደረገውን ዛሬ ፕላስቲክ ለሐዲዱ ያደርገዋል።

ወደ ሮለሩ እንመለስ። ከጥቁሩ ቧንቧ የሚሠራ ሰው ቧንቧውን ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ወፍራም ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይከተዋል። ከሰሉ ለስላሳ መሆን አለበት፤ ይህ ፕላስቲክ ከ130 ዲግሪ ጥቂት አልፎ ይቀልጣል፣ ጢስ ካወጣ አልፎታል ማለት ነው። ሲለሰልስ በእንጨት ዱላ ይጠቀጠቃል፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ይጫናል። እየበረደ ሲሄድ ስለሚኮማተር፣ ድንጋዩ ቀድሞ ከተነሣ ውስጡ አየር ይዞ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ጣሳው በራሱ ጊዜ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ከዚያ ክቡ ይወጣል፣ መሐሉ ይበሳል፣ ቡሎን ላይ ታስሮ በእጅ መሰርሰሪያ እየዞረ ጠርዙ በሞረድ ይፈተጋል፤ ካቴናው የሚቀመጥበት ቦይ የሚወጣለትም ያኔ ነው። ቦዩ ጥርስ አያስፈልገውም። ሁለቱ ከንፈሮቹ ካቴናው እንዳይሾልክ ከፍ ማለታቸው ይበቃል።

ዘይት የሚገባው ለሮለሩ ካስማና ለካቴናው ካስማዎች በጠብታ ብቻ ነው። የካቴናው ላይ በጨርቅ ተጠርጎ ደረቅ መሆን አለበት፤ ላዩ ዘይት የቀረበት ካቴና የቆላውን አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራው ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰገሰግና ሮለሩ ራሱ ሞረድ ሆኖ ካቴናውን ይበላዋል። ንጹሕ ሆኖ ከዞረ ግን የሚበላው ሮለሩ ነው። በየጊዜው ጣት ቦዩ ውስጥ ገብቶ ይዳስሰዋል። ከንፈሩ ሲሳሳ ቡሎኑ ይፈታል፣ ያረጀው ወጥቶ ከሚቀጥለው ጣሳ ጋር ይቀልጣል፣ አዲሱ ይገባል። ካቴናው ያው የቀድሞው ነው።